ስኳር የለበትም ያልከው ጠርሙስ

ለማትጠገበው ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህ በረታች? ልጆቹስ? እኛ አለን ከተባለ አለን። እኔ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ፊት ቆሜ እየዋልኩ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኛል። ደክሞኛል ወንድሜ፣ አልዋሽህም።

በስልክ እንዳልነግርህ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ አባባ ይሰማሉ። ነገሩ የእሳቸው ነው። የላክህላቸው ሁለት ጠርሙስ ውስኪ ደርሷቸዋል። አንተ የዋህ፣ ጠርሙሱ ላይ «ስኳር የለበትም» ብለህ ጽፈህ ለጥፈሃል። መጠጡን ማለትህ ነበር፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን መሰላቸው! «ልጄ ስኳር የለበትም ብሎኛል» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አነበቡት። «እርስዎን ቢል ኖሮ የለባቸውም ይል ነበር» ብላቸው «ውጭ የኖረ ሰው አንቱታ ይረሳል» አሉኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደግሞ «ውስኪማ ለስኳር መድኃኒት ነው» አላቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አትለኝም?

እውነቱን ልንገርህ፣ ሲጠጡ ደስ ይሉ ነበር። በር ላይ ወንበር አውጥተው፣ በሽሮፕ ክዳን እየለኩ፣ እያጣጣሙ ከልብስ ሰፊው ጋር ሲስቁ አገኛቸዋለሁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ጥፋቴ እሱ ነው።

እሑድ ዕለት የስኳር በሽታ ኪኒናቸውን ውጠው፣ ምሳውን ትተው፣ አንድ ክዳን ሁለት ክዳን ሲሉ ላብ አጠመቃቸውና ከወንበሩ ወደቁ። ጤና ጣቢያ አድርሰናቸው ነርሷ ብትለካቸው ስኳራቸው ተሟጦ ወርዷል። «ኪኒና በባዶ ሆድ፣ በዚያ ላይ መጠጥ! ሌላ ቀን ላይነሱ ይችላሉ» አለችኝ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አየሽ፣ አወረደልኝ!»

ንድድ አለኝ። ቤት እንደገባን አልጋቸው ስር ግማሽ ጠርሙስ አገኘሁና እያዩኝ ደፋሁት። አልተቆጡም። «እሱ የልጄ ድርሻ ነበር፣ ሲመጣ አብረን እንጠጣለን ብዬ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ይኸው አራት ቀን፣ አያናግሩኝም፤ ኪኒናም ከእጄ አይቀበሉም። የሚሰሙት አንተን ብቻ ነው።

ለባለቤትህ፣ ለትልቁ ልጅህና ለዚያች ቀበጥ ለትንሿ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልብስ ሰፊውም አፍሮ ሰላም ብሎሃል። የአባባን ሰላምታ ግን አላመጣሁልህም፤ ማን አናግሮኝ!

ይህን ደብዳቤ ነገ ለሚሳፈር ሰው እሰጠዋለሁ። እንደደረሰህ ደውልላቸው። «ድፊው ያልኳት እኔ ነኝ፤ ኪኒናዎን ይዋጡ» በላቸው። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። እኔን ግን ይቅር አይሉኝም፤ አንተን ይሉሃል።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ሐሙስ የካቲት 6 ቀን