ልብዎን በአደባባይ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ሲድኒ፣ ልጅዎ ቤት።

ብዕሩን የያዘው የመንደራችን ሹም ፊሊሞኔ ነው። እጁ የእሱ ይሁን እንጂ ቃሉ የእኔ ነው። ገና ሳንጀምር «አባባ፣ በቁጣ አይሁን፣ ሰው ያስቀይማል» ብሎኛል። አንተ ጻፍ፣ ቅያሜውን ለእኔ ተወው ብዬዋለሁ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ደረትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይስ ተወዎት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት፣ ምንጣፍ እየሠራች ነው። ዝናቡ ዘገየና የተከልኩት ያም ጠወለገ እንጂ ሌላው ሁሉ ለክፉ አይሰጥም፣ አምላክ ይመስገን።

ሰላምታው ይኸው። አሁን ወደ ቁጣዬ።

አሥር ወር ሙሉ በደወሉ ቁጥር «ባሕር ወርዷል» ያስባልኩት እኔ ነኝ። ባሕር አልወረድኩም። ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ድምፅዎን እሰማ ነበር። ተቀይሜዎት ነበር።

የቀዶ ጥገናዎ ዕለት ፊሊሞኔ ትልቁን ቴሌቪዥን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰቀለው። መንደሩ ምንጣፉን ይዞ መጣ። ለእኔ የተነገረኝ ሐኪሙ ሲናገር፣ እርስዎም ከአልጋዎ ሆነው ሰላም ሲሉን እንደምናይ ነው። እውነትም እጅዎን አወዛወዙልን፤ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሳቁም። ከዚያ አስተኙዎትና ጨርቁ ተገለጠ።

እትዬ፣ እንደ ወንድምና እህት ወጋችን፣ ጢሜ ሳይበቅል ነው ከእርስዎ ጣሪያ ሥር ወጥቼ ወንዶቹ ጎጆ ማደር የጀመርኩት። እርስዎ ባሉበት ነውር ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ክፍል ተቀምጠን ፊልም አይተን አናውቅም። የሚታጠቡበትን ጓሮ ስልሳ ዓመት ዞሬ ነው ያለፍኩት። ያን ቀን ደረትዎን ገልጠው፣ መብራት አብርተውበት፣ ከፊቴ አመጡት።

ሰዉ ቴሌቪዥኑን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። የአጎቶቻችን ልጆች፣ እነሱም ወንድሞችዎ ናቸውና፣ አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ወጡ። ያ ምላሰኛ ጎረቤቴ ፔኒሲማኒ ጎኔን በክርኑ ነካ አድርጎ «አንተ ሽማግሌ፣ ተነስ እንጂ፤ ወንድሟ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ወንድሟ ስለሆንኩ ነው የማልነሳው አልኩት። እዚያ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ከበውዎት የቆሙት ሁሉ ባዕዳን ነበሩ፤ እኔም ከወጣሁ ከሥጋዎ ማን ይቀራል? ተቀመጥኩ። ልብዎን አየሁት። ከዚህ በላይ አልናገርም።

አሁን ስለዚያ ሐኪም ልናገር። አርባ ዓመት ጀልባ እየመራሁ ከባሕር ሥር በተደበቀው ድንጋይ መሃል ባለው በር ሳስገባ እንደኖርኩ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ መስፍኑን አሳፍሬ በሩ ላይ ስንደርስ «ዘንድሮ ዓሣው እንዴት ነው?» ቢሉኝ፣ «ጌታዬ፣ ወይ ዝም ይበሉ ወይ መሪውን ይያዙ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ወደብ ስንገባ የይቅርታ መጠየቂያውን የኢፊ ቅጠል አንገቴ ላይ አጥልቄ፣ የተቀደደ ምንጣፍ ታጥቄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ፤ ቅጠሉን በገዛ እጃቸው አወለቁልኝ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፣ ካሳው ካሳ ነው። በሩ ላይ ግን መስፍን የሚባል የለም።

ያ ሰውዬ እጁ ደረትዎ ውስጥ እያለ ከአንዲት ከንፈሯን ከቀባች ሴት ጋር ይጫወታል። ፊሊሞኔ ነበር የሚተረጉምልን። «ዶክተር፣ አሁን ምን እየተሰማዎት ነው?» ትለዋለች። አንገቱን ወደ ካሜራው ያዞራል፣ ይስቃል። «ተመልካቾቻችን ዛሬ ጠዋት ምን እንደበሉ ማወቅ ይፈልጋሉ» ትለዋለች። እንቁላል ብሎ ሳይጨርስ ወሬው አፉ ላይ ቀረ። ደም ሞላ። ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሐኪሙ አንድ ቃል ተናገረ፤ ፊሊሞኔ አልተረጎመውም።

ወዲያው ሳሙና መጣ። አንዲት ልጅ ጸጉሯን እየታጠበች ትዘፍናለች። ከሳሙናው መኪና፣ ከመኪናው የውሻ ምግብ። አርባ ደቂቃ።

ሴቶቹ የቀብር መዝሙር አነሱ። ባለቤቴ ሮጣ የሐዘኑን ምንጣፍ አምጥታ አስታጠቀችኝ። ወንዶቹ ለለቅሶው ምግብ ማብሰያ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ወጡ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለቅስ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፤ ሐኪሙ አውራ ጣቱን ቀስሮ እየሳቀ ነው። ፊሊሞኔ «ድናለች» አለ። አዳራሹ በእልልታ ሲደባለቅ እኔ የሐዘን ምንጣፍ እንደታጠቅኩ ቀረሁ።

ማዳኑን አልክድም። እጁ ይባረክ። ግን ቢሞቱስ ኖሮ? በሳሙናና በውሻ ምግብ መሃል ነበር የሚሞቱት። የቴሌቪዥኑ ሰዎች እንመለሳለን ብለውን እኮ ነው የሄዱት።

ታዲያ የተቀየምኩት ሐኪሙን ብቻ አይደለም። እንዴት እሺ ይላሉ? እኔ ስልሳ ዓመት ዞሬ ያለፍኩትን ጓሮ እርስዎ አጥሩን አፈረሱት አልኩ። ለዚህ ነው ስልኩን ያላነሳሁት።

ባለፈው ሐሙስ መርከቧ የልጅዎን የሜሌሲኒን ደብዳቤ አመጣች። ዓመቱ ሲሞላ ድጋሚ ያሳዩታል፣ እርስዎም ከሐኪሙ ጎን ተቀምጠው ያያሉ ትላለች። አዲስ ወረቀት ልካለች። «አጎቴ፣ እንዳለፈው ጊዜ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልን። እማዬ ያኔም ወንድሜ ከፈቀደ እሺ፣ ካልፈቀደ ግን ብሞት ይሻለኛል ብላ ነበር» ይላል ደብዳቤዋ።

እንዳለፈው ጊዜ የምትለው ምንድን ነው አልኩት ፊሊሞኔን። ሄዶ ከቆርቆሮ ሣጥኑ ቅጂውን አመጣ። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ስለ ቀዶ ጥገናው ነው፤ ያን ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው፣ ደረቷ ሲከፈት በቀጥታ በቴሌቪዥን እንዲታይ ወንድሟ ፈቅዷል ይላል። ከሥሩ አውራ ጣት አለበት። መሃሉ ላይ የዓሣ መንጠቆ የቀደደው ጠባሳዬ ይታያል።

ፊሊሞኔ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛውን ላነብልዎ ስል፣ ትድናለች ወይስ አትድንም? በቃ፣ ጣቴን የት ላሳርፍ? አሉኝ።» ይህቺን መስመር እንዴት አሳምሮ እንደሚጽፋት ቢያዩት። ሰው ፊት እንደ ሕፃን ተቀምጬ ሲነበብልኝ አልወድም፤ ያውቁኛል። የእህት ልጅ ጠይቃ ደግሞ አጎት እምቢ አይልም።

አሁን ግን እምቢ ብያለሁ። ዘመድ ይማኝ። ሜሌሲኒ አሳማዬንም ያሜንም ቤቴንም ትውሰድ፤ ጣቴን አታገኝም። ልብዎ የእርስዎ ነው። ይታይ ካሉ በእጅዎ ይፈርሙ፣ እኔ ቃል አይወጣኝም። በእኔ ጣት ግን ዳግመኛ አይሆንም።

ለገና እንደሚመጡ ጽፋለች። ከቤቴ ጀርባ ያለውን የኢፊ ዛፍ ማንም ቅጠሉን እንዳይቆርጥ ብያለሁ። ወደብ ላይ መሬት የተቀመጠ ሽማግሌ ካዩ፣ ሰው ፊት ምንም አይጠይቁት። አንገቱ ላይ ያለውን ያውልቁለት፣ ወይም አልፈውት ይሂዱ። ሁለቱም ያምርብዎታል።

ልብዎን የሠራው ጌታ ሸፍኖ ይጠብቅልኝ። ዕድሜዎን ከእኔ ዕድሜ ላይ ቀንሶ ያርዝመው። ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ።

ታናሽ ወንድምዎ።

ፊሊሞኔ፣ በል ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። አንቺም ምንጣፍሽን ተይና በሩን ክፈቺው፣ ፔኒሲማኒም ይስማ። አንድ መስመር እንዳትዘል። ጣቴን ቀለም የምነክረው ስትጨርስ ነው።