ሦስት ሳምንት የደረቀው ቧንቧና እኔ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለሽ ስታመሺ ይታየኛል፤ እባክሽ መሀል መሀል ላይ እየተነሳሽ ተንጠራሪ። አያቴስ፣ ሳሉ ለቀቃቸው? መንትዮቹስ አሁንም በአንድ ካልሲ ይጣላሉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። አክስቴ እንደ ልጇ ይዛኛለች፤ ጉንጬ ሞልቷል።

ባለፈው «ትምህርት ቤቱን ለምጄዋለሁ» ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር፤ እንዳትቀየሚኝ። የመጀመሪያውን ወር አፌን የከፈትኩት ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ብቻ ነው። ስልሳ ተማሪ መሀል መምህር ወደ እኔ ሲያይ ምላሴ ከትናጋዬ ይጣበቃል። በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቆሜ ደወል እጠብቅ ነበር። ልጆቹም «ድመት» አሉኝ፤ ኮቴዋ አይሰማም ለማለት ነው።

ኋላ ግን የቋንቋ መምህራችን ድርሰቴን አይተው ሚኒ ሚዲያ ክፍል ወሰዱኝ። በእረፍት ሰዓት ለመላው ግቢ ዜና የሚነበብባት ክፍል ናት። ስፋቷ ከጓዳችን አይበልጥም፤ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ያረጀ ማጉያ፣ ኪሱ ሁሉ ሽቦ የሆነ አንድ ልጅ። እሱንም «ሽቦ» ነው የምንለው። መምህራችን «እዚህ ማንም አያይሽም፣ አንብቢ» ብለው በሩን ዘጉት። እውነቴን ነው እማዬ፣ በሩ ሲዘጋ ድምፄ ተከፈተ! ልጆቹ «ይቺ ማን ናት?» ሲባባሉ እኔ እንደማያውቅ ሰው በአጠገባቸው አልፋለሁ።

ነገሩ የመጣው በቧንቧ ነው። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። የክፍል አለቃችን ለቢሮ ሦስቴ ጻፈች፤ ወፍ የለም። አንዳንዶቹ ሴቶች ከምሳ በኋላ መቅረት ጀመሩ፤ ምክንያቱን ላንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እኔም ማክሰኞ ዕለት ከስፖርት ዜናው አስከትዬ «ሦስት ሳምንት ውሃ የጠማው ቧንቧ አለን፤ የሚያጠጣው ሰው ይፈለጋል» ብዬ አነበብኩ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ብዙም ሳይቆይ ርእሰ መምህሩ ሽቦን አስጠሩት፤ የክፍሏ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። «ያነበበችው ማን እንደሆነች ካልነገርከኝ ወላጅህን ታመጣለህ» ቢሉት አፉን ለጉሞ ቆሟል ብላ የክፍል አለቃችን ነገረችኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ግን በእኔ ጥፋት እሱ ሊቀጣ ነው። ቢሮ ገባሁና «የጻፍኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ» አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ያ ድምፅ ካንቺ ነው የሚወጣው?» አሉ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተቀይሮ «መጀመሪያ ሳትጠይቂ በሰው ፊት ታሳጪኛለሽ?» ብለው ተቆጡ። «ጠይቀናል ጋሼ፤ ሦስቴ፣ በጽሑፍ» አልኳቸው። ጸሐፊያቸው ከመደርደሪያው ሦስት ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። አንዱም አልተከፈተም። ፖስታዎቹን አገላብጠው አዩና «በሉ ወደ ክፍላችሁ» አሉን።

ሐሙስ ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ ማይክሮፎኑን ዘረጉልኝ፤ «ያማሽኝ አንቺ ነሽ፣ ምስጋናውንም አንቺው ንገሪ!» ሺህ ሰው ፊት፣ በር የለ፣ ግድግዳ የለ! ድምፄ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ግን ቧንቧ ሠራተኛውንም እሳቸውንም አመሰገንኩ፤ እግረ መንገዴንም የላይኛው ፎቅ መስኮት መሰበሩን አስታወስኳቸው። እሳቸውም ሳይቀሩ ሳቁ። አሁን ከሌላ ክፍል ሳይቀር «ይህን አንብቢልን» እያሉ ወረቀት ያቀብሉኛል። ምሳዬንም ከሽቦና ከክፍል አለቃችን ጋር ነው የምበላው። ስሜ ሲጠራ ልቤ ዛሬም ይመታል፤ ይመታል እንጂ አያስቆመኝም።

የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። መንትዮቹን እኩል እኩል ሳሚልኝ፤ አለዚያ ጦርነት ነው። «ይቺ ልጅ ከተማ አትበረክትም» ላለው አጎቴ ደግሞ የተለየ ሰላምታ አለኝ። አክስቴም በጣም ሰላም ትልሻለች። ከእንግዲህ ስትደውዪ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» ካልሽኝ ጥፋቱ የስልኩ ነው።

የምትወድሽ የበኩር ልጅሽ
ከአክስቴ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 14 ቀን፣ እሑድ