ዓይኔን ሳልከድን ስተኛ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለሶስና፤ ቤሩት።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ ያ የወገብሽ ሕመምስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ሁሉ ጥይት ተርፈን አለን። ደስታዬ ሞልቶ ቢፈስብኝ ነው ወረቀት ያነሣሁት፤ ወሬዬ ረዥም ነውና ተቀምጠሽ አንብቢው።

ወልድያ ተይዛ በከረመችባቸው ወራት ልቤ ይደልቅ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ማን ያልተንቀጠቀጠ አለ? ጦርነቱ ሁላችንን አንድ መልክ አልብሶን በሽታዬ ተደብቆ ከረመ። በታኅሣሥ ከተማው ሲረጋጋ ጎረቤቱ ሁሉ ሥጋ ለበሰ፤ እኔ ብቻ እዚያው ቀረሁ። እንደ አራሽ እየበላሁ አልቅ ጀመር። በጥር ብርድ ሰው ጋቢ ሲደርብ እኔ በር ከፍቼ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ዓይኔ ፈጠጠ፤ መስተዋት ውስጥ የምታየኝን ሴት አላውቃት አልኩ።

ባለቤቴ ወንዳወቅ ጠበል ወሰደኝ። ሰባት ቀን ስጠመቅ አንድም ቀን አልጮህኩም። ይኼማ ባሰ! አማቴ እትዬ ውባንቺ፣ የሚጮኸውስ ይሻላል፣ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው አሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት መደብ ላይ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ልጄ ሜላት ከጎረቤት ስትገባ ዓይኔ ግማሽ ክፍት ነው፤ ብትጠራኝ አልሰማሁም። «እማዬ ሞታ ታየኛለች» ብላ እየጮኸች ወጣች። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ አልደርስ ስላለች እትዬ ውባንቺ መርሳ፣ ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ሦስት ወር፣ ሶስዬ! የወለድኳት ልጅ ፈርታኝ ስትሄድ በመስኮት አየኋት፤ ዞር ብላም አላየችኝ።

በመጋቢት ወንዳወቅ ደሴ ወስዶ አስመረመረኝ። ሐኪሙ እየሣለ አስረዳኝ። አንጎል ሥር አተር የምታህል ዕጢ አለች፤ አንገት ላይ ደግሞ ታይሮይድ የምትባል፣ ቢራቢሮ የመሰለች። ላይኛዋ በደም ሆርሞን ልካ ታዛለች፤ ታችኛዋም የራሷን ሆርሞን ትለቃለች። የልብ ምቱን፣ ሙቀቱን፣ የምግቡን መቃጠል የሚገዛው እሱ ነው። ሲበዛ ላይኛዋ ዝም ትላለች፣ ታችኛዋ ታርፋለች። የኔዋ ላይኛይቱ ለካ ዝም ካለች ቆይታለች። ታዲያ ማን ነው የሚያዛት? ብዬ ብጠይቀው፣ የገዛ ሰውነቴ የበሽታ መከላከያ ተሳስቶ የአለቃዋን ትእዛዝ አስመስሎ ቀን ከሌት እያዘዛት ነው አለኝ። ጠጉሬ ቆመ። ስልክ በተቆረጠበት ከተማ፣ በሬን ዘግቼ ስቀመጥ፣ አንድ አስመሳይ በደሜ መልእክት ይልክ ነበር! ቢሆንም እልል ማለት አማረኝ፤ በሽታው ስም አለው፣ ክኒንም አለው። በዘር ይሄዳል ብሏልና አንቺም ልብሽ ያለ ነገር ከደለቀ አደራ ተመርመሪ።

አሁን ልቤ ተረጋግቷል፣ ሥጋም ለብሻለሁ። በዚሁ በሽታ የፈጠጠው ዓይኔ ግን ቶሎ አይመለስም፤ ስተኛም ገና አይከደንም። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ውባንቺ ሜላትን አመጧት፤ ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባ አለች። ስተኛ ፊቴን እሸፍናለሁ ብዬ ማልኩላት። ከምሳ በኋላ ነጠላዬን ተከናንቤ ጋደም አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ተሰማኝ፤ ጫፉን ቀስ አድርጋ ገለጠችው። አልተነቃነቅሁም። ተኝተሽ ነው? ብትለኝ፣ አዎ አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ጫማዋን አውልቃ ጉያዬ ገባች።

ወንዳወቅ መኪና ሲጠግን ውሎ ከነግራሶ እጁ ሰላም ይልሻል። እትዬ ውባንቺ ሐኪሙንም ያመጣው ጠበሉ ነው፣ እንዳትንቂው ብለውሻል። ሜላት አጠገቤ ተቀምጣ ሰላም በይልኝ ትላለች፤ እየጻፍኩ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

እኅትሽ ሮማን
ወልድያ፣ ግንቦት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.