«ርዕስ የለውም» ተብሎ ስለተመለሰው የፍሬን ጥያቄ

ለተከበሩ የሊፍት ባለሙያዎች የኢሜይል ውይይት ቡድን አወያይ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎ በስክሪን ብዛት እንዳይደክም፣ ጣቶችዎም በየቦታቸው እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሊፍት በመጠገን የምንተዳደር ሰዎች ነን። የአንድ ቢሮ ሕንፃ ሊፍት ፍሬኑ ሲሞቅ አልይዝ እያለ ቢያስቸግረን፣ በእርስዎ ቡድን ያልታየ ብልሽት የለም ሲባል ሰምቼ አባል ሆንኩ። ለተደረገልኝ መስተንግዶ በአደባባይ ማመስገን ይገባኛል።

፩. ጥያቄዬን «ርዕስ የለውም» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። «አስቸኳይ» ብዬ ርዕስ ብሰጠው ደግሞ፣ አስቸኳይነት የላኪው ስሜት እንጂ ርዕስ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ይህን ሳላውቅ ይህን ያህል ዕድሜ መኖሬ ያሳፍራል።

፪. የፍሬኑን ሸራ ፎቶ አያይዤ ብልክ መልእክቱ ከብዷል ተባልኩ። ፎቶውን አውጥቼ ደግሜ ላክሁ።

፫. አዲስ አባል ከመጠየቁ በፊት ራሱን ማስተዋወቅ እንዳለበት ሲነግሩኝ ማንነቴን ጽፌ ላክሁ፤ ያንን ወዲያው አሳለፉት። ጥያቄዬ ግን ወረፋ ላይ ቀረ። አባላቱ ጨዋ ናቸውና እያንዳንዳቸው «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ለሁላችንም ጻፉ። አንዱ ለሁሉም መጻፍ ይቁም ሲል ለሁሉም ጻፈ፤ ሌላው ስለ ማሳሰቢያው ለሁሉም አመሰገነው፤ ከቡድኑ መውጣት የፈለገ ምስኪንም አስወጡኝ እያለ ሁላችንንም ለመነ። መልስ ይኖርበታል ብዬ አንዱንም ሳላስቀር ከፈትኩ።

የሕንፃው ኃላፊ በበኩሉ ሠራተኛው በደረጃ መውጣት ሰልችቶታል እያለ ቆሞ ይነዘንዘናል። ወንድሜ መልስ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ገና አቀባበል ላይ ናቸው አልኩት። ስቆ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ ገባ። እኔ የቀረውን አቀባበል ሳነብ የሊፍቱ ሳጥን ከቆመበት ተንሸራቶ ቀኝ እጁን ከሐዲዱ ጋር ያዘው። ሐኪሞቹ ከአውራ ጣቱ በቀር ማትረፍ አልቻሉም።

፬. ጥያቄዬን በማግሥቱ ስላሳለፉልኝ አመሰግናለሁ። አንድ አንጋፋ ጠጋኝ ገና ምሳ ሳይደርስ መለሰልኝ፤ የፍሬኑ ሞላ ደክሟል፣ ለውጡት፣ እስኪለወጥ ድረስ ማንም ወደ ጉድጓዱ አይግባ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል፣ ሰውየው ጥያቄውን እንዳየ ነው የመለሰው። እስኪያየው ድረስ እርስዎ ዘንድ ነበር። ስለዚህ ነገር የጨዋ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ፤ እጅግ ተቆጥቻለሁ።

፭. አደጋውን እንደሰሙ የጻፉት የማጽናኛ መልእክት ርዕሱ የተሟላ፣ ክብደቱም የተመጠነ ነበር። ወንድሜም የአባላቱን የምሕረት ምኞት በቀጥታ እንዲያገኝ ብለው፣ ማመልከቻ ሳይጠይቁ፣ ራስህን አስተዋውቅ ሳይሉ፣ በዚያው ዕለት አባል አድርገውታል። በሩ ለካ እንዲህም ይከፈታል።

የደንብዎን ጽናት እያደነቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የሚሳፈሩበትም ሊፍት ሁሉ ፍሬኑ እንዲይዝልዎ እየተመኘሁ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

እንኳን ደህና መጣህ የተባለው አዲሱ አባል

ማስታወሻ፦ የአባላቱ መልእክት በገባ ቁጥር ስልኩ እየጮኸ እንቅልፍ ስለነሳው፣ ወንድሜ ከቡድኑ እንዲወጣ ጠይቄለት ነበር። አባሉ ራሱ በገዛ እጁ ካልጻፈ አይቻልም ብለውኛል። ደንቡን አክብሮ በግራው እየተለማመደ ነው፤ እስከዚያው ይታገሡት።