ያወገዝሁት ማሽን

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የሽምብራው ጆንያ ውስጥ ከተትሁት። ካርቶኑን ቀዳድጄ ጓሮ አቃጠልሁት፤ የጌም ማሽኑን ግን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ሽምብራው መሀል ቀበርሁት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ "ቲቸር አንማው" ብለው ከመቀመጫቸው ይነሡልኛል። እና ቤቴ ገብቼ ሽምብራ ውስጥ ጌም እደብቃለሁ።

እውነቱን እዚህ ካልጻፍሁት የትም አልጽፈውም። ዓምና በጌም ግሩፓችን ላይ አዲሱ ማሽን ይገዛ አይገዛ የሚል ክርክር ተነሣ። ግሩፑ ውስጥ የቢቸናም፣ የሞጣም፣ የመርጡለ ማርያምም፣ የአምበርም ሰው አለ። እኔ እንደ ልማዴ ትልልቆቹን ኩባንያዎች አብጠለጠልኋቸው፦

– ጌሙን ሳይጨርሱ ይሸጡልናል፤ ጉድለቱን እኛው ስንጫወት እናገኝላቸዋለን።
– የከፈልንበትን ጌም ሲያሻቸው ከእጃችን ይሰርዙታል።
– በየዓመቱ ያንኑ ኳስ ማልያ ቀይረው ያመጡታል።
– አዲሱ ማሽን ዲስክ የሚገባበት የለውም። ዲስክ ከሌለ መዋዋስ የለም። መዋዋስ ከሌለ እኛ አገር ጌም የለም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ሰው "አንማው ይናገር" ሲል ሞቅ አለኝ። የድምፅ መልእክት ከፍቼ፣ ድምፄን እንደ ቄስ ጎተት አድርጌ፣ "ይህን ማሽን የገዛ፣ ያስገዛ፣ በቤቱም ያስገባ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ!" አልሁ። ሣቁ ለጉድ ነበር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ለምን እንደገዛሁት ሳስበው ደህና ምክንያት አላገኝም። ክረምት ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄጄ አንድ የማውቀው ሰው ቤት አየሁት። የሜዳው ሣር፣ የተጫዋቾቹ ላብ። ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ቢቸና መናኸሪያ ሰው ያየኛል ብዬ "ሞጣ አውርዱት" አልሁ። ዕቃው በደጃችን አልፎ ሞጣ ሄደ፤ ትናንት እኔ ሞጣ ድረስ ሄጄ መልሼ አመጣሁት። የዕብድ ሥራ ነው።

ሞጣ ውስጥ ይበልጣል የሚባል ሰው አለ። አብረን ፊደል የቆጠርን፣ አብረን ዲቁና የተቀበልን ጓደኛዬ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አገልግሎቱን ተውሁት፤ እሱ ግን ሞጣ አግብቶ ሲቀርም ከቤተ ክርስቲያን አልራቀም። የሚተዳደረው በጌም ቤት ነው። ትናንት ከመናኸሪያው ስወጣ ጌም ቤቱ በር ላይ ብቻውን ተቀምጦ አየሁት። የጃኬቴን ዚፕ እስከ አፍንጫዬ ስቤ በሌላው መንገድ ዞርሁ። ሞጣ ሄጄ ይበልጣልን ሳላይ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ባለቤቴ ትርንጎ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበረች። በምሳ ሰዓት መጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ማሽኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ሰማያዊ መብራት አበራ። እንዴት ያምራል! ከዚያ "መጀመሪያ ከኢንተርኔት ጋር አገናኘኝ" አለ።

በስልኬ አገናኘሁት። ኔቱ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ቀረ። ማሽኑ ያንኑ ቃል ይደግማል። በሌላ በኩል ልዞረው ሞከርሁ፤ የአይሲቲ መምህር ነኝ አይደል? እምቢ። የገዛሁት ዕቃ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መብራቴ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልነሣም አለኝ። ባለቤቱም እኔ አይደለሁም ማለት ነው።

ዓምና የተናገርሁት ሁሉ ቃል በቃል ደረሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "አላልኋችሁም!" ብዬ ግሩፑን አጥለቀልቀው ነበር። አሁን ልክ መሆኔን የምነግረው ሰው አጣሁ።

ትርንጎ ከምትመጣበት ሰዓት ቀድማ መጣች። ገመዱን እንኳ አልነቀልሁም።

"ሽምብራው ምን ሆኖ ነው መሬት ላይ የፈሰሰው?"

"አይጥ ነው" አልኋት።

ወደ ቴሌቪዥኑ አየት አድርጋ፣ "መብራት የሚያበራ አይጥ መጣ ደግሞ?" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ይበልጣል ደወለ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ፈተና እያረምሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊት ለፊቱ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል፤ የሚያጫውቱት በአዲሱ ማሽን ነው። ደንበኞቹ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻግረው አለቁ። ባሕር ዳር ያለው ወንድሙ እሁድ ይመጣል። ወይ አዲሱን ማሽን ገዝቶለት ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ቴሌቪዥኖቹን ጭኖ ይወስድና ቤቱ ይዘጋል። እስከ ቅዳሜ ድረስ ቁርጡን ንገረኝ ብሎታል።

"ታዲያ ይግዛልህ እንጂ!" አልሁት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

"እንዴት አድርጌ? አንተው አውግዘህ የለም እንዴ?" አለኝ።

ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።

"ለአንተ ጨዋታ ይሆናል። እኔ ልጆች አሉኝ። ዲያቆን ያወገዘውን ነገር ቤቴ አላስገባም" አለ። ቀጥሎም እንደ መለመን ባለ ድምፅ፣ "እስቲ አባትህን ጠይቅልኝ፤ ውግዘቱ የሚነሣ ከሆነ ይነሣልኝ" አለኝ።

"እጠይቃለሁ።"

"አንተስ በምን እየተጫወትህ ነው?"

"ያው በአሮጌዋ" አልሁት።

ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። መግዛቴ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ግን በእኔ ቀልድ ታስሮ እንጀራውን ሊያጣ ነው፤ እኔ ያንኑ ማሽን ሽምብራ ውስጥ ቀብሬ "በአሮጌዋ" እላለሁ። አንዲት ቃል ብናገር ያኔውኑ ይፈታ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሃያ ስምንት ተማሪ ፈተና አረምሁ፤ ለማን ምን እንደሰጠሁ አላውቅም። ነገ እንደገና አርማለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አባባ ዘንድ ሄድሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ደክሟል። የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጀመርሁ።

"አባባ፣ አንድ ዲያቆን በጨዋታ ቢያወግዝ ይይዛል?"

"ማንን ነው ያወገዘው?"

"ዕቃ የሚገዛ ሰው።"

"ምን ዕቃ?"

"መጫወቻ ነገር..."

መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ልጅ ሳለሁ ይህን ሲያደርጉ እግሬ አውጭኝ ነበር የምለው።

"ዲያቆን የማሰርም የመፍታትም ሥልጣን የለውም። ከንቱ ቃል ነው" አሉ።

ደስ አለኝ። በቃ፣ ለይበልጣል ደውዬ "አባባ አይዝም ብለዋል" እለዋለሁ፤ የእኔ ጉድ እዚያው ሽምብራው ውስጥ ይቀራል።

"ሰውየው ግን አምኖታል?" አሉኝ።

"አዎ፣ አምኗል።"

"እንግዲያማ ታስሯል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ዲያቆኑ ራሱ ሄዶ 'ያለ ሥልጣኔ ነው የተናገርሁት' ይበለው።"

"በስልክ ቢነግረውስ?"

"እግር የለውም?"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዕቃውን ዲያቆኑ ራሱ ገዝቶት ይሆን እንዴ?" አሉ።

መልስ ግን አልጠበቁም። "ይበልጣልን ሰላም በልልኝ" ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። ስሙን አልጠራሁላቸውም ነበር። ሁለታችንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ የትኛው እንደሚያወግዝ፣ የትኛው እንደሚያምን መቼ ጠፍቷቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፤ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ፣ ከዛፉ ሥር ቆምሁ። ወደ ፊት ልጠጋ አልደፈርሁም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ለግሩፑ ልጽፍ ተቀመጥሁ።

"ወንድሞች፣ ለጥናት ያህል አንድ ማሽን..." አጠፋሁት።

"ስለማናውቀው ነገር ከምንናገር ብዬ..." አጠፋሁት።

"የአክስቴ ልጅ ሳልጠይቃት በስጦታ..." ይህን ልልከው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ትርንጎ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። "ያቺ ልጅ ደግሞ ምን በደለችህ?" አለች።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የእኔ አምስት ቀንም አልዘለቀ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት። የሞጣውን ጉዞ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሣቀች። ይበልጣል ላይ ስደርስ ግን ሣቋን አቆመች።

"ነገ ሂድ" አለችኝ። "ማሽኑንም ይዘኸው ሂድ። መንገድ ላይ ሌላ ወሬ እንዳትፈጥር።"

ታውቀኛለች። ትንሽ ድል ካለ ይቺ ናት፦ በዚህ ሳምንት ለአንድ ሰው እውነቱን ተናገርሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በጠዋቱ ሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። ይበልጣል ገና ሲያየኝ "ዲያቆን!" ብሎ ብድግ አለ። አገላብጦ ሳመኝ። ጌም ቤቱ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ በፕላስተር የተጠቀለሉ ጆይስቲኮች። አንድም ሰው የለም። ከማዶው ቤት "ጎል!" የሚል ጩኸት ይመጣል። ሻይ ሊያዝልኝ ሲል ከለከልሁት፤ ሻዩን ከጠጣሁ እንደማልናገር አውቃለሁ።

ማሽኑን ይዤው ከመጣሁት የማዳበሪያ ከረጢት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ሁለት የሽምብራ ፍሬ አብሮ ወደቀ።

ነገርሁት። ያለ ሥልጣኔ እንደተናገርሁ። አባባ ያሉትን። ራሴ እንደገዛሁት። ረቡዕ በስልክ እንደዋሸሁት። ባለፈው እሁድ ሞጣ መጥቼ እንደወሰድሁት።

ማሽኑን ዘወር ብሎም አላየው።

"እሁድ እዚህ ነበርህ?"

"ነበርሁ።"

"በር ላይ ተቀምጬ ነበር እኮ።"

"አይቼሃለሁ።"

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። "ማሽኑንስ ግዛው። የፈለግኸውን ግዛ" አለ በመጨረሻ። "እኔን አይተህ ዞርህ?"

ይህን ያህል አፍሬ አላውቅም። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቀናኝ። "ይህ አይደለም የምፈልገው። የመርጡለ ማርያሙም፣ የአምበሩም ሰው ሰምቶሃል። በድምፅህ እንዳሰርኸን በድምፅህ ፍታን።"

እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስልኬን አወጣሁ። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ተንተባተብሁ። በአራተኛው እንዲህ አልሁ፦ "አንማው ነኝ። ዓምና ያወገዝሁት ከንቱ ቃል ነው፤ ሥልጣን የለኝም፣ ማንንም አይዝም። ማሽኑን እኔ ራሴ ገዝቼ ደብቄው ነበር። ስለ ኩባንያዎቹ ያልሁት ግን እውነት ነው፤ ማሽኑ መጀመሪያ ያለ ኢንተርኔት አይነሣም። የሚገዛም የማይገዛም በራሱ ሐሳብ ይወስን። ይቅርታ አድርጉልኝ።" ላክሁት።

ማሽኑን ልተውለት አልሁ። "ያንተን አልፈልግም" አለኝ። ለወንድሙ ይደውል አይደውል አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ወትሮ መናኸሪያ ድረስ ይሸኘኛል፤ ሚኒባሱ እስኪነቃነቅ መስኮቱን ይዞ ያወራኛል። ዛሬ ከበሩ አልወጣም። ማሽኑን ሳልሸፍን ታቅፌ በዋናው መንገድ ሄድሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ግሩፑ ሲንጫጫ አደረ። "አርዮስ" የሚል ስም ወጥቶልኛል። አራት ሰው ጥሎ ወጣ። አንዱ "ለመሆኑ የሜዳው ሣር እንዴት ነው?" ይላል። ከመርጡለ ማርያም አንድ የማላውቀው ሰው "እኔም ፈርቼ ትቼው ነበር፤ ተመስገን" ብሎ ጻፈ። ከስድቡ ሁሉ ይህኛው አንገቴን አስደፋኝ። ስንት ሰው ነው ያሰርሁት?

ይበልጣል ምንም አልጻፈም።

ነገ ጾም ይገባል። ትርንጎ ዶሮ ሠርታ ነበር። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁት። "ምግቡ እዚህ ነው" አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበልጣል ደወለ። ሰላምታ የለም።

"ወንድሜ አመጣው" አለ። "ሰክቼዋለሁ። ከኢንተርኔት ጋር አገናኘኝ ይላል። እንዳልኸው ነው።"

'አላልሁህም?' ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኋት።

"ኔት አለህ?"

"የቤቱን መስመር ሰጥቼዋለሁ። የሆነ ነገር እያወረደ ሠላሳ አራት በመቶ ይላል። ይሄ ነገር ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?"

"አላውቅም፣ ይበልጣል። የእኔ እስካሁን አልተነሣም። ኔቱ ካልተቋረጠ ዛሬ ያልቅ ይሆናል። ከተቋረጠ ሊያስቸግርህ ይችላል። ብቻ እንዳታጠፋው።"

"ሰዎች ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው" አለ። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ አንዱ ማሽኑን ይሳደባል፣ ሌላው ይሥቃል።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁም። የምንባባለው ሲያልቅ ስልኩን ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዘጋውም። ይህን የምጽፈው ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤ ነው። ዝም ይላል፣ ይቆይና ይቆይና፣ "ሠላሳ አምስት" ይለኛል።