የመጽሐፍ መኪናዋ የምትመጣበት ቀን

ጂንካ
ጥር 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሣራ ደምሰው
ሶፊያ

የእናትሽ አምላክ በሰው አገር ብርድ እንዳይረሳሽ ዘወትር እለምነዋለሁ። እኔ ጉልበቴ ዳገት ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። የእናትሽን መቃብር ዝናቡ ካባራ በኋላ አርሜዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን እንደተዘጋ ነው፤ እሑድ እሑድ አበዛሽ ቤት ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። ነጋዴው መርሻ አዲስ አበባ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ እናንተ ለምትመለስ ተማሪ ይሰጥልኛል። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ።

ባለፈው "የመጽሐፍ መኪናዋ እንዴት ናት?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው።

በእረፍትሽ አብረሽኝ ወደ ቆላ ስትወርጂ፣ ከቀይ አፈር ከተማ በታች ያለውን የበናውን ሽማግሌ ቦሼን ታስታውሺዋለሽ። አንቺ የመኪናዋ በር ላይ ቆመሽ ስለ ከብት በሽታ ስታነቢላቸው ብድግ ብሎ "ይሄ ወረቀት የኔን በሬ መቼ አየው?" ብሎ የተከራከረሽ ነው። አሁን የእሱ ልጅ ራሱ ያነባል። መኪናዋ ስትደርስ ወጣቱ ከየጫካው እየሮጠ ይወጣል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በበንኛ ያስረዳል፣ ሽማግሌው ይከራከራል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረሁት ሰውዬ መሪውን ትቼ መጽሐፍ ሳድል ራሴን እንደ መምህር እቆጥር ነበር።

የምንመጣበትን ቀን እንዴት እንደምናሳውቃቸው ግን የነገርኩሽ አይመስለኝም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጽፈን ለጠፍን፤ ፍየል በላው። በኋላ ቦሼ መከረን። እነሱ የከብት ዝላይ ሲደግሱ እንግዳ የሚጠሩት ልጥ ላይ ቋጠሮ ቋጥረው በመላክ ነው። እንግዳው በየማለዳው አንድ አንድ ይፈታል፤ ቋጠሮው ያለቀ ዕለት ይነሣል። እኛም እንደዚያው አደረግን። ቀኑን ስተውብን አያውቁም።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ንጉሤ ቢሮው አስጠራኝ። አብሮሽ ስምንተኛ ክፍል የተማረው ንጉሤ ነው፤ አሁን በአውራጃው የወታደር ምልመላ ላይ ነው የሚሠራው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"ጋሼ ደምሰው፣ ወጣቱ እኛን ሲያይ ጫካ ይገባል። እርስዎን ሲያይ ከጫካ ይወጣል።"

"እኔ መጽሐፍ ነው የማድለው" አልኩት።

"ማደልዎን ይቀጥሉ። እኛ ከኋላ በካሚዮን እንደርሳለን። የሚያነብ ወታደር ይፈለጋል፤ የሚያነበው ደግሞ ያለው እርስዎ ጋ ነው።"

"ልጄ፣ ሕዝቡ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ የሚነካ ይመስልሃል?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ኮታ አለብኝ ጋሼ። ካላሟላሁ የምሄደው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ለእናቴ እርስዎ ይነግሩልኛል?"

እናቱን ሙሉነሽን ታውቂያታለሽ፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም።

ቀኑን እሱ ቆረጠ። ልጡን ለማድረስ ስወርድ አንድ ሚሊሻ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ለቦሼ በአፌ ልነግረው አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ መሪውን ይዤ ጸለይኩ፤ ምንም መልስ አልሰማሁም። እዚያ ስደርስ ቋጠሮ ጨምሬ ልጡን ከተባለው ቀን አሳልፌ ቋጠርኩት። ቦሼ ተቀብሎ በጣቶቹ እየዳሰሰ እስከ ጫፉ ወረደ።

"ደምሰው፣ ይሄ ረጅም ነው። መኪና ታመመ?"

"ትንሽ አሟታል።"

እኔን አየኝ፤ ሚሊሻውን አየው። "ለታመመ መኪና መተኛት ጥሩ ነው" አለና ሳቀ። "የኛ ልጆችም እስከዚያ ከብት ይዞ ወደ ወይጦ ወንዝ ይወርዳል።"

ገብቶት ይሁን ሲቀልድ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በተቆረጠው ቀን ስንደርስ ክላክስ ደጋግሜ ነፋሁ። የወጡልን አሮጊቶችና ፍየሎች ናቸው። ንጉሤ ከካሚዮኑ ዘሎ ወረደ፤ "ሰው የት አለ?"

ቦሼ ልጡን አንጠልጥሎ መጣ። "ገና ነው። ቋጠሮ አለ፣ እየው። እናንተ ቸኮላችሁ።"

ሚሊሻው ሳቁ አምልጦት አፉን ያዘ። ንጉሤ ግን አልሳቀም። "ማነው የቋጠረው?"

"እኔ" አለ ቦሼ። "አርጅቻለሁ፤ ቁጥር ይጠፋኛል።"

አንዱ ወታደር አንገቱን ሲያንቀው "ተወው፣ የቋጠርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ንጉሤ ቀረበኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተሳስተው ነው፣ አይደል ጋሼ?" አለኝ። መውጫ እየሰጠኝ ነበር ልጄ። አዎ ብል ግን ሌላ ልጥ ቋጥር ሊለኝ ነው።

"አልተሳሳትኩም" አልኩት።

ቦሼን ለቀቁት። ባዶውን ካሚዮን አስከትዬ ወደ ጂንካ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ብሎኝ በጻፍኩልሽ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ ጂንካ ገበያ ላይ ካሚዮኑ ቆሞ የአሪን ልጆች አፈሰ። ኮታው ሞላ። ካፈሷቸው አንዱ የአበዛሽ ልጅ ዳርጌ ነው፤ ጨው ሊገዛ ወጥቶ። እሑድ ለጸሎት ስንሄድ በሩን ከፈተችልን፤ እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ያደረግኩትን ሰምታ ይሁን ኀዘኑ ይሁን መጠየቅ አቃተኝ። የቦሼን ልጅ ስሰውር የእሷን አሳልፌ ሰጥቼ ይሆን? እግዚአብሔርን ይህን ስጠይቀው "አንተ ኮታውን አላወጣህም" የሚለኝ ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ ያንን ያለው እሱ ይሁን የገዛ ልቤ መለየት ያቅተኛል። ተንበርክኬ አፌን መክፈት የከበደኝ እናትሽ ከሞተች ወዲህ ገና አሁን ነው።

ሌላም ፍርሃት አለኝ። ካንቺ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው። እኔን የፈለገ አንቺን ለማግኘት አይቸገርም። ትምህርትሽን ሳትጨርሺ "ነይ፣ አባትሽ ታሟል" የሚል ቢመጣብሽ አትምጪ። አመመኝ በይ፣ ፈተና አለብኝ በይ። ልጄን ውሸት ሳስተምር የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናዋን ተረክበውኛል። ዓርብ ለስብሰባ አርባ ምንጭ እንድሄድ ታዝዣለሁ። ትእዛዙን ያመጣልኝ ያ የሳቀው ሚሊሻ ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ "ጋሼ፣ ብርድ ልብስ ይያዙ" አለኝ። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቂዋለሽ።

ወፍራሙን ይዣለሁ። አንቺም በበረዶው ሳትደራረቢ አትውጪ። እኔ ራሴ እስክጽፍልሽ መልስ አትላኪ።

የወጣሽበትን የባረከ ጌታ የምትገቢበትንም ይባርክልሽ። ማዕረግሽን ያሳየኝ፤ እኔ ባላየው እንኳ አንቺን ያሳይሽ።

አባትሽ
ደምሰው