የቆመ ፓምፕ ወደ ኋላ እንደሚዞር ስለማሳወቅ

ለክቡር የነዳጅ ጉድጓዶች ምርት ማሳደጊያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እንቅልፍዎስ? ሁለቱም የተሟሉ እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ውስጥ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲጠፋ፣ ወደ ላይ ሲገፋው የነበረው ድፍድፍ ነዳጅ በቧንቧው ተመልሶ ይወርዳል። ሲወርድም ፓምፑን ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ ወደ ኋላ የሚዞረው ሞተርም ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ ማጥፊያው ተዘግቶም ኬብሉ ሰው ይገድላል። ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝና፣ ቀስ ብዬ በማስረዳቴ እንዳይቀየሙኝ።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ቀድሞ ሠራተኞቹ ነዳጁ ወርዶ እስኪረጋ ድረስ ኬብሉን ሳይነኩ ይጠብቁ ነበር። እርስዎ ግን ለምርት ባለዎት ትጋት ይህን ጥበቃ «የባከነ ጊዜ» ብለው አስቀሩት። ትጋትዎን አደንቃለሁ፤ የበኩር ልጄ ፓምፑ እንደጠፋ ኬብሉን ሊፈታ እጁን ሰደደ፤ ቀበርነው። ምርቱ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ደስ ይበልዎ። በእኔ ቤት ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ግን ቀንሷል።

፪ኛ. ሥራዎን ትተው ለቅሶ ስለደረሱን፣ ከባለቤቴም አጠገብ ተቀምጠው «እናቴ፣ ምን ይደረግ፣ ልጅዎ ፓምፑ ሳይጠፋ ነው ኬብሉን የነካው» ብለው ስላጽናኗት እጅግ አመሰግናለሁ። ፓምፑን ያጠፋው አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ነበር፤ እርስዎ ይህን ሲናገሩ ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ያዳምጥዎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አቅርበንለት ሳይነካው ይቀመጥና «አባዬ፣ አጥፍቼው ነበር አይደል?» ይለኛል። አጥፍተኸዋል እለዋለሁ። እኔን ግን አያምነኝም፤ የሚያምነው እርስዎን ነው።

፫ኛ. ይኸው ልጅ በወንድሙ ቦታ፣ በዚያው ጉድጓድ ላይ ተመድቧል። ኬብሉን ለመንካት ሲያመነታ አለቃው «ምነው፣ ጉድጓዱን ታስታምመዋለህ እንዴ?» እያለ ያሾፍበታል አሉ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ አለቃ መርጠው ስለሾሙልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ቤተሰቤን በሙሉ ለምርት ዕድገት ለማሰለፍ ያሳዩትን ልግስና ሳልዘነጋ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የአንድ ሟችና የአንድ ተረኛ አባት፣ ጡረተኛ መምህር

ማሳሰቢያ፦ የጻፍሁት ካልገባዎ ማፈር አያስፈልግም፤ ዘግይቶ የሚገባውን ተማሪ ትዕግሥት ነፍጌው አላውቅም። በዚህ ትምህርት ግን ፈተናው ከማብራሪያው በፊት ይደርሳል፤ የሚፈተነውም እርስዎ ሳይሆኑ ልጄ ነው። ሰኞ ጠዋት ፓምፑ ይጠፋል። ጥበቃው እንዲመለስ ማዘዝዎን ወይም አለማዘዝዎን ከዚያ በፊት በአስቸኳይ እንዲያሳውቁኝ እለምናለሁ።